ሐረጎን በኤቢኤስ ሞተር ሳይክል መውረድ፦ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ። በመካከላቸው ያለው አስፋልት ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም፤ ቁልቁለቱ ሐረጎ ይባላል። ጠዋት ከፒያሳ ተነስቶ ኮምቦልቻ ሥራ የሚገባ ሰው ቁርሱ ሳይፈጭለት ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ማታ ያንኑ መልሶ ይወጣል።

እኔም ከተመላላሾቹ አንዱ ነኝ። መጀመሪያ በትንሽ ሞተር ሳይክል ነበር፤ በኋላ 500 ሲሲ ገደማ የሆነ፣ ሞተሩን የሚሸፍን ፕላስቲክ የሌለው፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይታሰር የሚከላከል መሣሪያ) የተገጠመለት ገዛሁ። በገዛሁ ሰሞን ልቤ አብጦ ነበር። «ኤቢኤስ አለው፣ ምን ይሆናል?» ብዬ አንድ ቀን ከሲኖትራክ ኋላ የእግር ፍሬኑን እንደረገጥኩ ሐረጎን ወረድኩት። ግማሽ መንገድ ላይ ፔዳሉ እንደ እርጥብ ስፖንጅ ለሰለሰ፤ ቀጥሎም እስከ ታች ሰመጠ። ጎማው አልታሰረም፤ ኤቢኤሱም አልተበላሸም። የፈላው የፍሬን ዘይቱ ነበር። በፊት ፍሬንና በማርሽ እንደምንም ዳር ይዤ ቆምኩ፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዲስኩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ። ይህ መመሪያ ያን ቀን ድንጋዩ ላይ ሆኜ «ይህን ባውቅ ኖሮ» ያልኩት ነገር ነው።

1. ኤቢኤሱ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ይለዩ

በቸርኬው መሐል፣ ከዲስኩ አጠገብ፣ ዙሪያውን ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ስስ ቀለበት አለ። ከእሱ ትይዩ አንዲት ትንሽ ሴንሰር ተተክላለች። ቀለበቱ ሲዞር ሴንሰሯ ቀዳዳዎቹን እየቆጠረች የጎማውን ፍጥነት ለኮምፒውተሩ ትነግረዋለች። ፍሬን ሲይዙ አንዱ ጎማ ድንገት ከመጠን በላይ ከዘገየ፣ ማለትም ሊታሰር ሲል፣ ኮምፒውተሩ ወደዚያ ጎማ የሚሄደውን የዘይት ግፊት ለቅጽበት ያላላዋል፤ ጎማው ሲያገግም መልሶ ያጠብቀዋል። ይህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ይካሄዳል። በእጅዎና በእግርዎ ላይ የሚሰማው መንዘርዘር እሱ ነው።

ሥራው ይኸው ብቻ ነው፦ ፍሬን ጎማውን እንዳያስረው መከልከል። ሦስት ነገሮች ከአቅሙ ውጪ ናቸው። ሙቀትን አይቀንስም። ጠጠርና አሸዋ ላይ የማቆሚያ ርቀቱን አያሳጥርም፤ እንዲያውም ሊያስረዝመው ይችላል። ደግሞም በዚህ መጠን ያሉ ሞተር ሳይክሎች አብዛኞቹ የያዙት ኤቢኤስ ሞተር ሳይክሉ ምን ያህል እንደተጋደመ አያውቅም፤ ቀጥ ብሎ የሚሄድ እየመሰለው ነው የሚሠራው። ጎማ መሬት የሚይዝበት አቅም አንድ ከረጢት ነው፤ ለመታጠፍ ያወጡበትን ለማቆም አያገኙትም። ኩርባ መሐል ተጋድመው ፍሬኑን ቢጨምቁ ኤቢኤሱ ከመውደቅ ያድነኛል ብለው አይጠብቁ።

ያገለገለ ሞተር ሳይክል ሲገዙ «ኤቢኤስ» የሚለውን ተለጣፊ አይመኑ፤ ጎንበስ ብለው ቀለበቱን ይፈልጉ። የፊት ጎማው ላይ ብቻ ካለ ኤቢኤሱ ለፊት ብቻ ነው፤ የኋላው እንደ ድሮው ይታሰራል ማለት ነው። ሁለቱም ላይ ካለ ብዙውን ጊዜ ሙሉ ነው። የምርት ዘመኑም ፍንጭ ይሰጣል። በሞተር ሳይክል ላይ ኤሌክትሮኒክ ኤቢኤስ መጀመሪያ ለገበያ ያወጣው ቢኤምደብልዩ በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። በአውሮፓ ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ አዲስ ሞዴሎች ከ2016 እ.ኤ.አ.፣ በአዲስ ለሚሸጡት ሁሉ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ ግዴታ ሆነ፤ ሕንድ በ2018 እና በ2019 እ.ኤ.አ. ተከተለች። ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ ኤቢኤሱ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል።

2. ከግቢ ሳይወጡ

ቁልፉን ሲከፍቱ የኤቢኤስ መብራት መብራት አለበት። ሞተሩን አስነስተው መንቀሳቀስ ሲጀምሩ፣ በሰዓት 5 ወይም 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርሱ፣ ይጠፋል። ቆመው ሳሉ አለመጥፋቱ ብልሽት አይደለም፤ ሴንሰሮቹ ጎማ ሲዞር ካላዩ ራሳቸውን መፈተሽ አይችሉም። ብልሽት የሚባለው እየተጓዙ በርቶ ሲቀር፣ ወይም ቁልፉ ሲከፈት ጭራሽ ሳይበራ ሲቀር ነው።

ቀጥሎ የጎማ ነፋስ። ለምሳሌ ሆንዳ ሲቢ500ኤፍ በቀዝቃዛው ፊት 36፣ ኋላ 42 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ይፈልጋል። የእርስዎ ሌላ ዓይነት ከሆነ የካቴና መሸፈኛው ላይ የተለጠፈውን ያንብቡ። ልኬቱን ደሴ ላይ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ይውሰዱ። ብዙ ሰው ኮምቦልቻ ጎሚስታ ዘንድ ደርሶ ሲለካ ቁጥሩ ተለውጦ ያገኘዋል፤ ግን ቀዳዳ የለም። ታች ሲወርዱ የአካባቢው አየር ግፊት ስለሚጨምር ብቻ መለኪያው አንድ ፒኤስአይ ያህል ይቀንስበታል፤ በሌላ በኩል የጎማው ሙቀት ቁጥሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሁለቱ ይጣላሉና የሞቀ ጎማ ላይ አያስተካክሉ።

የፍሬን ሸራውን በባትሪ ብርሃን ይዩት። የማለቂያ ምልክት ሆኖ የተቀረጸው ጎድጎድ ሊጠፋ ከተቃረበ ይቀይሩት። ለሜዳ መንገድ የሚበቃ ሸራ ለሐረጎ አይበቃም፤ ሸራው በሳሳ ቁጥር ሙቀቱ ወደ ዘይቱ የሚሻገርበት መንገድ ያጥራል። እኔ ከ2 ሚሊ ሜትር ሲያንስ አልጠብቅም።

በመጨረሻ የፍሬን ዘይት ዕቃውን በመስኮቱ ይመልከቱ። አዲስ ዘይት ቀለሙ ፈዛዛ የማር ዓይነት ነው፤ የቆየው ወደ ቡና ይጠጋል። ቀለም ግን ሙሉ ምስክር አይደለም፤ የሚታመነው ዕድሜ ነው። ሁለት ዓመት ካለፈው፣ ወይም መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ ቁጥር 6ን መጀመሪያ ያንብቡ።

3. ሜዳ ላይ ይለማመዱ

ኤቢኤስን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገኙት ላም መንገድ ስታቋርጥ መሆን የለበትም። የፔዳሉ ንዝረት ያላወቀውን ሰው ያስደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ፍሬኑን ይለቃል።

ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሆነች ለዚህ ትመቻለች። እሁድ ጠዋት ተሽከርካሪ የማያበዛ፣ ጠጠር የሌለበት ቀጥ ያለ አስፋልት ይምረጡ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይጀምሩ። የእግር ፍሬኑን ብቻ፣ ንዝረቱ እስኪመጣ ድረስ ይርገጡና ሳይለቁ እስከ መቆም ይዝለቁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ከዚያ የእጁን። የእጁን በአንድ ጊዜ አይንጠቁት፤ ጎማው መሬቱን እስኪጫን ለቅጽበት ያህል ለስለስ አድርገው ይጀምሩና ከዚያ አጥብቀው ይጭመቁ። ጉልበትዎን ታንኩ ላይ ያጣብቁ፤ ክንድዎን አያድርቁ፤ ዓይንዎ ወደ ጎማው ሳይሆን ወደ ሩቅ ይሁን። 40፣ ቀጥሎ 50 ኪሎ ሜትር።

ሲጨርሱ ርቀቱን በእርምጃ ይለኩት። በ50 ኪሎ ሜትር ደረቅ አስፋልት ላይ በደንብ የያዘ ሰው ከ12 እስከ 15 ሜትር ውስጥ ይቆማል። ነገር ግን አደጋውን አይቶ ጣት እስኪንቀሳቀስ አንድ ሰከንድ ይሄዳል፤ በዚያች ሰከንድ 14 ሜትር ተጉዘዋል። ዝናብ ላይ የፍሬኑ ርቀት ብቻውን ወደ 20 ሜትር ይጠጋል። እነዚህን ቁጥሮች ሐረጎ ላይ ጉም ሲገጥምዎ ይፈልጓቸዋል።

4. ቁልቁለቱ

ትንሽ ሂሳብ ይታገሱኝ። ሞተር ሳይክሉ 190 ኪሎ፣ እርስዎ ከነጃኬትዎ 80 ኪሎ ቢሆኑ፣ 650 ሜትር ሲወርዱ የሚለቀቀው ጉልበት 1.7 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነውና፣ ያ ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከአምስት ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ስንት ጀበና እንደሚሆን ራስዎ ያስሉት። ከዚህ ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል። የቀረው መውጫ ሁለት በር ብቻ አለው፦ ሞተሩ ወይም ዲስኩ። ሞተሩ ለሙቀት የተሠራ ራዲያተር ያለው ትልቅ ብረት ነው፤ ዲስኩ ስስ ሳህን ነው። እንግዲህ ሸክሙን ለማን እንደሚሰጡ ግልጽ ነው።

ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ አናቱ ላይ ሳሉ፣ ማርሽ ይቀንሱ። የቆዩ የጭነት መኪና ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ። ለእነሱ እውነት ነው። ባለ 500 ሲሲ ሞተር ሳይክል ግን ሐረጎን በአራተኛ ሳይቸገር ይወጣል፤ በአራተኛ ቢወርዱት ደግሞ ፍጥነቱ ያመልጥዎታል። እኔ በሦስተኛ እወርዳለሁ፤ ጠበብ ያሉት ኩርባዎች ላይ በሁለተኛ። ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ወይም 5,000 ዙር እየዞረ ቢያጓራ አይፍሩት፤ ከቀዩ መስመር ገና ሩቅ ነው። ጋዙን ለቀው ፍጥነቱ ካልጨመረ ማርሹ ትክክል ነው። ያለማቋረጥ ፍሬን የሚያስይዝዎ ከሆነ አንድ ይቀንሱ።

ማርሽ ሲቀንሱ ፍሪሲዮኑን በዝግታ ይልቀቁ። በድንገት ከለቀቁት ሞተሩ ራሱ የኋላ ጎማውን ይይዘውና ያንሸራትትዎታል። ኤቢኤስ እዚህ ላይ ምንም አያደርግም፤ ማላላት የሚችለው የፍሬን ዘይትን እንጂ ሞተሩን አይደለም። አንዳንድ ሞተር ሳይክሎች ይህን የሚያለዝብ ፍሪሲዮን አላቸው፤ ቢሆንም ቀስ ማለት አይጎዳም።

ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ የሚወርድ አይጠፋም። በተለይ የነዳጅ ሰልፉ ሲረዝም ፈተናው ይከብዳል። ግን ስሌቱ የተገላቢጦሽ ነው። ነዳጁን በኮምፒውተር የሚረጭ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ጋዝ ሲለቀቅለት ነዳጁን ይዘጋዋል፤ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። ዜሮ ላይ ሲሆን ግን እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል። ዜሮ አድርጎ የወረደ ሰው ነዳጁንም ፍሬኑንም ከስሯል።

ፍሬኑን እንዴት ይያዙ? አጥብቀው፣ በአጭሩ፣ ከኩርባው በፊት፣ ሞተር ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ሳለ፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ። ዲስኩ ነፋስ የሚያገኘው ሲለቀቅ ነው። እንደ እኔ በስሱ ረግጦ መቆየት ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሙቀቱ ያለ እረፍት ይከማቻል፤ ሸራ፣ ዲስክ፣ በመጨረሻም ዘይት። ፊትና ኋላውን አብረው ይጠቀሙ፤ ትልቁን ሥራ ለፊቱ ይስጡ። የእግሩ ብቻውን ለዚህ ቁልቁለት አይበቃም።

ከከባድ መኪና ኋላ ከተያዙ አይጣበቁበት። የእሱ ዝግታ የእርስዎን ፍሬን ያቃጥለዋል፤ የፍሬን ሽታው ካፍንጫዎ ከደረሰ ደግሞ እሱም ችግር ላይ ነው። በቂ ቦታ ሲያገኙ ዳር ቆመው አምስት ደቂቃ ይስጡት። ኩርባ ላይ መቅደም የለም፤ ከታች የሚመጣውም ጭነት ይዞ መንገዱን አስፍቶ ነው የሚታጠፈው። ፔዳሉ ወይም የእጁ ማንሻ መለስለስ ከጀመረ፣ በሁለተኛ ማርሽ ይውረዱና ያገኙት የመጀመሪያ ቦታ ላይ ይቁሙ። ዲስኩን በእጅዎ አይንኩት፤ ውሃም አያፍስሱበት፤ ይጣመማል። ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ይመለስ ይሆናል። መመለሱ ግን ዘይቱ ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ በዚያው ሳምንት ይቀየር።

5. ጉም፣ ዝናብ፣ ከብት

ክረምት ላይ ሐረጎ በጉም ይዋጣል። ሽፋን የሌለው ሞተር ሳይክል ላይ ጉሙ በቀጥታ ደረትዎና ጣትዎ ላይ ነው የሚያርፈው፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን በወጉ አይጨምቅም። ውሃ የማያስገባ ጓንት ከጃኬቱ በፊት ይግዙ። አጭር መብራት ያብሩ፤ ረጅሙ ጉሙ ላይ ተንጸባርቆ ያሳውርዎታል። ፍጥነትዎን በሚያዩት ርቀት ይወስኑ፦ 30 ሜትር ብቻ የሚታይ ከሆነ፣ ቀደም ብለን እንዳሰላነው በዝናብ 50 ኪሎ ሜትር ላይ ከ30 ሜትር በላይ ያስፈልግዎታል። ስለዚህ 30 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያም በታች።

ከረጅም ፀሐይ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ ከነሐሴው ዶፍ ይብሳል፤ አስፋልቱ የጠጣውን ዘይትና አቧራ ያወጣዋል። ወሎ በልግም ክረምትም ስላለን ይህ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ኩርባ ላይ የናፍጣ ሽታ ከተሰማዎ ደግሞ አንዱ ታንኩን ሞልቶ አፍስሷል፤ ሞተር ሳይክሉን ቀጥ አድርገው፣ ፍሬን ሳይነኩ ይለፉት።

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚቀጥሉ ከሆነ ሰኞን ያስቡበት፤ የባቲ ገበያ ቀን ነው፤ ግመልና ፍየል መንገዱን ይሞላዋል። ግመል ጥሩምባ አያስቸኩለውም።

6. የፍሬን ዘይቱን መቀየር

ቃላቱን ልብ ብለውት ያውቃሉ? ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ጎሚስታ፤ ሁሉም የጣሊያን ናቸው፤ መንገዱን ሲቀይሱ ትተውልን ሄዱ። «ዶት» ግን የእነሱ አይደለም፤ ጠርሙሱ ላይ ያለው ይህ የአሜሪካ የመጓጓዣ መሥሪያ ቤት ምህጻር ነው፤ ከሁሉም ቃላት ይልቅ እሱን በደንብ ማንበብ ያስፈልጋል።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መመዘኛው ወደ 155 ይወርዳል። የዶት 3 ቁጥሮች 205 እና 140 ናቸው። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፤ ፔዳሉ የሚሰምጠው ለዚህ ነው። ዕቃው ክዳን ላይ ዶት 4 የሚል ከሆነ ዶት 4፣ ወይም ከእሱ ጋር የሚስማማውን 5.1 ይጠቀሙ። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ነው፤ ስሙ ቢቀራረብም ጨርሶ ሌላ ነገር ነው፤ አያስገቡት። የተከፈተ ጠርሙስ ያቆየ ሻጭ በነጻ ቢሰጥዎም አይቀበሉ።

ሥራው እንዲህ ነው። ታንኩንና መብራቱን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑ፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፤ ከነካ ወዲያው በውሃ ይጠቡት። መሪውን የዘይት ዕቃው ልክ እስኪሆን ያዙሩ። ክዳኑን ሲፈቱ የሚመጥን ካቻቢቴ ይጠቀሙ፤ እነዚያ ስፒሎች ለስላሳ ናቸው፤ ጭንቅላታቸው በቀላሉ ይበላል። አሮጌውን ዘይት በመርፌ መምጠጫ ያውጡ፤ አዲሱን ይሙሉ። ፍሬኑ ላይ ካለችው የማስተንፈሻ ቡሎን ጫፍ ግልጽ ቱቦ ይሰኩና ሌላውን ጫፍ ትንሽ ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ያጥልቁት።

ከዚህ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል አይዛባም፦ ማንሻውን ጨምቀው ይያዙ፤ ቡሎኗን ሩብ ዙር ይፍቱ፤ ማንሻው ሲሰምጥ ሳይለቁት ቡሎኗን ይዝጉ፤ ከዚያ ማንሻውን ይልቀቁ። ቀድመው ከለቀቁት አየር ይመልሳል። በየአምስት ጭመቃው ዕቃውን ይሙሉ። ዕቃው ባዶ ከሆነ አየር ወደ ኤቢኤሱ ሳጥን ይገባል፤ እሱን ለማስወጣት የኤቢኤሱን ፓምፕ የሚያዝ የምርመራ ኮምፒውተር ሊያስፈልግ ይችላል፤ ያንን ደግሞ የትም ጋራዥ አያገኙትም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለዚህ ሥራ ይመስለኛል። ቱቦው ውስጥ ጥርት ያለ ዘይት ያለ አረፋ ሲመጣ ይበቃል። የኋላውም እንዲሁ ነው። ሲጨርሱ ማንሻው ድንጋይ ሊሆን ይገባል፤ ከግቢ ከመውጣትዎ በፊት በእግር እየገፉ ይሞክሩት።

7. መብራቱ በርቶ ከቀረ

መደበኛው ፍሬን ይሠራል፤ የተወሰደብዎ ኤቢኤሱ ብቻ ነው። ቁልፉን ዘግተው ይክፈቱና ጥቂት ይንዱ። ሞተር ሳይክሉን በማቆሚያ አንስተው የኋላ ጎማውን በሞተር አዙረው ከነበር፣ ለምሳሌ ካቴና ሲያጸዱ፣ ኮምፒውተሩ አንዱ ጎማ እየዞረ ሌላው መቆሙ ግራ ገብቶት ነው፤ በዚሁ ይጠፋል።

ካልጠፋ ጭቃውን ይፈልጉ። በክረምት የፊት ሴንሰሯ ላይ የሚደርቅ ጭቃ የተለመደ ነው፤ በውሃና በለስላሳ ብሩሽ ያስለቅቁት፤ በብረት አይፋቁት። ጎሚስታ ጎማ ሲያወልቅ ቀለበቱን አጣሞት እንደሆነ ጎማውን እያዞሩ ይመልከቱ። ከዚያ ፊውዙ። ከዚያ ባትሪው፤ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ሊያሳይ ይገባል፤ ደካማ ባትሪ ኤቢኤሱን ያጠፋዋል።

የቀረውን ለመካኒክ ይተዉ። ሲመለስልዎ ግን አንድ ነገር ይፈትሹ። እኔ አንዴ መብራቱ «ተስተካክሎ» ተመለሰልኝ፤ ደስ ብሎኝ ከፍዬ ወጣሁ። ከወር በኋላ ዳሽቦርዱ ሲከፈት መብራቱ ላይ ከውስጥ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፎበት ተገኘ። ቁልፉን ይክፈቱ፤ መብራቱ መጀመሪያ መብራቱን፣ ከዚያ ሲንቀሳቀሱ መጥፋቱን አይተው ይክፈሉ።